ሁለት ጣት የሚያስገባ

የጭንጫ ሚካኤል ደወል ድንጋይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ድንጋይ፤ ከአሮጌው ወይራ ዝቅተኛ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ በጠጠር ሲመቱት እንደ ብረት የሚዘምር። በጥቅምት፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ አገሩን ሲያለብሰው፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አንዳንዴ ከገደሉ ሥር፣ አንዳንዴ ከደመናው ውስጥ ይመስላል። ጽጌ ግን በዚያ ዓመት መደብ ላይ በጎኗ ተጋድማ ስትሰማው ከገዛ ሆዷ የሚመጣ ይመስላት ነበር። ድንጋዩ ሲጮህ ፅንሱ ይገላበጣል፤ ድምፁ ቀጥኖ ጉሙ ውስጥ ሲጠፋ እሱም ተመልሶ ይተኛል። ይህን ለባሏ ለአስቻለው እንኳ አልነገረችውም። ከተናገሩት የሚሰበር ነገር መሰላት።

በዚያ ደብር የቆየ ልማድ አለ። ልጅ ያጣች ወይም ፅንስ የማይጸናላት ሴት ለኅዳር ሚካኤል እርጥብ የበሬ ጠፍር ይዛ ትመጣና በደወሉ ወይራ ግንድ ዙሪያ ትጠመጥመዋለች። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግንዱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። «ሚካኤል ልጅሽን እንዲህ አጥብቆ ይያዝልሽ» ይሏታል። የታሰረ አይፈታም፤ በአሮጌው ላይ አዲሱ ይደረባል። ጠፍሩ ከላላ ልጁም ይላላል የሚለው ቃል ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል።

ጽጌ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልጸኑላትም። ባለፈው ኅዳር የራሷን ጠፍር ይዛ መጣች። እንደ ሌሎቹ ሴቶች በእጇ ብቻ አልሳበችውም። ግራ እግሯን ግንዱ ላይ ተክላ፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ ቆዳው ሲጥ እስኪል ጎተተችው። ከሁሉም በላይ ያለው፣ ከሁሉም የጠበቀው ጠፍር የሷ ነው። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ እዚህ ድረስ ደርሳ አታውቅም።

እንዲህ መሳብ የተማረችው ከአባቷ ነው። አያሌው በጋይንት ምድር ዛፍ በመመልመል የታወቀ ሰው ነበር። ቤት ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ፣ ማሳ ያጠላ ግራር ሲኖር «አያሌውን ጥሩ» ይባላል። ዕድሜውን ዛፍ ላይ ኖሮ አልጋ ላይ ሞተ፤ ለዚያ ሙያ ይህ ትልቅ ማዕረግ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ጽጌን ይዟት ይወጣ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች «ጉሬዛዋ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ስታገባ ከዛፍ ወረደች። ያገባችውም ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ አርብ ገበያ የሚሸጠውን፣ እንጨት መሬት ላይ ተኝቶ ካላየ የማያምነውን አስቻለውን ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ከወይራው ክንዶች ትልቁ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ላይ የተንሰራፋው፣ ደርቆ ተገኘ። የቀሩትም ቅጠላቸው ሳስቷል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደረቁ ክንድ ቆርቆሮውን ይቧጥጠዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከሥሩ ቆሞ አንጋጠጠ።

«በቃ፣ ዛፉ ሞቷል» አለ ካሳ። ካሳ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ከንፋስ መውጫ ሞተር መጋዝ እየተከራየ ባሕር ዛፍ ይጥላል። «ቅዳሜ ይዤው ልምጣ። ከምሳ በፊት አስተኛዋለሁ።»

«አንተ መቼም የማትጨርሰው ነገር የለም፣ ምሳ ካለ» አሉት የአስቻለው እናት እትዬ ብርቄ።

ሰዉ ሳቀ። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ኃይለ ሚካኤል አልሳቁም። ደረቁን ክንድ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ ከቆርቆሮው ሥር የሚቆመውን ሕዝብ በዓይናቸው ለኩ።

«ኅዳር ደረሰ» አሉ። «ይኼ በበዓሉ ቀን ሰው ላይ ቢወርድ ለማን መልስ እንሰጣለን? ይቆረጥ።»

«ጠፍሮቹሳ?» እትዬ ብርቄ ወደ ፊት መጡ። «እነሱ አይነኩም! አስቻለው የቆመልኝ በዚያ ነው። ከበላይና ከበታች ቁረጡና፣ ጉማጁን ጠፍሩ እንደታሰረ ዕቃ ቤት አስገቡልን።»

ሴቶቹ ሁሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉ። ነገሩ አለቀ። ዛፉ ይወድቃል፤ ጠፍሩ ይኖራል።

ሰዉ ሲበተን ጽጌ ወደ ወይራው ተጠጋች። በጥፍሯ ቅርፊቱን ጫር አደረገችው። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ፤ እርጥብ፣ እንደ ልጅ ድድ ለስላሳ። አልሞተም። ከዚያ ጣቷን ከጠፍሮቹ ሥር ልታስገባ ሞከረች። ጣት ቀርቶ ጥፍር አይገባም። ከጠፍሮቹ በላይ ግንዱ እንደ ተነከሰ ከንፈር አብጧል፤ ከበታች ከስቷል። ልጅ ሆና አባቷ የከብት ገመድ ተረስቶበት የደረቀ ግራር አሳይቷታል፤ መልኩ ይኸው ነበር።

ዛፉ ታንቋል። ከሁሉም አጥብቆ ያነቀው ደግሞ የሷ ጠፍር ነው።

አፏን ከፈተች። መምሬ ገና በሩ ላይ ነበሩ፤ ብትጠራቸው ይሰሟታል። ግን ዛፉ እንዲተነፍስ ጠፍሮቹ መፈታት አለባቸው፤ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው ነው። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ጀመረች።

እትዬ ብርቄ ከኋላ ደረሱባት። «መቀነትሽን ጠበቅ አድርጊ እንጂ፣ ልጄ» አሏት። «የላላ ነገር ይወርዳል።»

ጠበቅ አደረገችው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ባቄላ ስትፈለፍል ፀሐይ ባሞቀው ግድግዳ ተደግፋ አሸለባት። በሕልሟ ጉም ነበር። ወይራው ሥር የለውም፤ ጉሙ ላይ እንደ ጀልባ ቆሟል። አባቷ በባዶ እግሩ ከላይኛው ክንድ ላይ ተቀምጧል፤ መጋዙ ከቀበቶው ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። «ነይ፣ ውጪ» አላት። «እጅሽ ሁለት፣ እግርሽ ሁለት። ሦስቱ ሲይዙ አንዱ ይሂድ።» ወጣች፤ ሆዷ አልከበዳትም። ቅጠሉ እንደ ዓሣ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከጎኑ ስትደርስ ጠጠር ሰጣት፤ ድንጋዩን መታችው። ድምፅ የለም። ደግማ መታችው። ዝም። አባቷን ቀና ብላ ስታየው አልተቆጣም፤ አልሳቀም። ቀኝ እጁን አንስቶ ሁለት ጣቱን ብቻ አሳያት።

ስትነቃ ባቄላው ከጭኗ ተበትኗል። ሁለቱን ጣት ታውቃቸዋለች። ችግኝ ከድጋፉ ጋር ሲያስር የሚነግራት ነገር ነበር፦ «በድን እንደ ልብሽ እሰሪ። ሕይወት ያለው ግን ነገ ይወፍራል፤ ስታስሪው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን።» ይህን ታውቅ ነበር። እግሯን ግንዱ ላይ ተክላ ስትጎትትም ታውቅ ነበር። ግን ያን ቀን ልጅ እንጂ ዛፍ አልታያትም።

አስቻለው ደጅ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል።

«አስቼ፣ ዛፉ አልሞተም።»

«እ?»

«ታንቆ ነው። እኛ ነን ያነቅነው፣ በጠፍራችን።»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ይኼን ለእማዬ ነግረሻት እንደሆን የሚታነቀው እኔ ነኝ።»

«ደረቁን ክንድ አንተ ታወርዳለህ። ጠፍሩን እኔ እፈታለሁ።»

«እኔ? ዛፍ ላይ? አንቺ ሴትዮ፣ እኔ የቆጥ መሰላል ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወጣ!»

«ከታች ሆኜ እነግርሃለሁ።»

ሊቀልድ ነበር፤ ተወው። ሆዷን አየ፣ ዓይኑን ቶሎ መለሰ። «ያንቺም ይፈታል ማለት ነው?» አላት ዝቅ ብሎ።

«መጀመሪያ የኔ ነው።»

አስቻለው ከቀንበሩ ላይ ስስ ልጥ ላጠ፣ በጣቶቹ መሃል አዟዟረው፣ ጣለው። «እሺ» አለ። «መጋዙን ልሳለው።»

በማግስቱ መምሬ ኃይለ ሚካኤልን ዛፉ ሥር አገኟቸው። እትዬ ብርቄ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ ከኋላ እየጮሁ መጡ። «ስለት ይፈታል? መምሬ፣ እርስዎ ይንገሯት! ከጠገበች የራሷን ትፍታ፣ የኔን ማን ፈቀደላት?»

መምሬ አረንጓዴውን ጭረት አዩ። ያበጠውን ግንድ ዳሰሱ። 

«እኔ የምፈታው ኃጢአት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጠፍር ፈትቼ አላውቅም። ያሰረ ይፍታ። የላይኛው የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው አንቺ ያንቺን ሳትፈቺ የሌላውን ማንም አይነካም። ፈቅደሽ ነው?»

«ፈርቻለሁ።»

«ፈርቶም ይፈቀዳል» አሉ መምሬ። ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩ፤ «እርስዎም ነገ ይምጡ። ዛፍህን ጥለን ጠፍራችንን አስቀረን ብንለው ሚካኤልም አይወድልን።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ጽጌ ቢላ አላነሳችም። የደረቀ ጠፍር ውሃ ሲጠጣ ተመልሶ ቆዳ ይሆናል። ጆንያ በጠበል ነክራ በግንዱ ዙሪያ ጠመጠመች፤ ጠፍሩ ሌሊቱን ይጠጣ ብላ ተወችው።

ቅዳሜ ጉሙ ተገፎ ቅርፊቱ እስኪደርቅ ጠበቁ። እርጥብ ቅርፊት እንደ ሳሙና ነው። ካሳ ሞተር መጋዙን ሳያስነሳ፣ እያጉረመረመ፣ የመጫኛ ገመድ ጫፍ ይዞ ከታች ቆመ። አስቻለው ጫማውን አወለቀ፤ ወገቡን በሌላ መጫኛ አሰረችው።

«ውጣ። እግርህን ከግንዱ አታርቅ። ቅርንጫፍ መነሻው ላይ እውነተኛ ነው፣ ጫፉ ላይ ውሸታም።»

«እንደ ሰው» አለ ካሳ።

«ሦስቱ ሲይዙ አንዱ ይሂድ፣ አስቼ። ሁለቱን አንድ ላይ አታንሳ። ... አዎ። አሁን ከፊትህ ያለውን በጡጫ ምታው።»

ከላይ ጡጫ ተሰማ።

«ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል? እንጨት ነው!»

«ድምፁን ነው።»

እንደገና መታ። «ሙሉ ነው፤ እንደ እርጥብ ሞፈር።»

«እሱ ሕያው ነው፣ እመነው። በስተግራ ያለውንስ?»

«ይኼ... ባዶ ጋን ነው።»

«እሱን ተረከዝህ እንኳ አይንካው።»

ቀስ በቀስ ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ ላይ በየትንፋሹ ሚካኤልን ይጠራ የነበረው ሰው እንጨቱን በየድምፁ እየለየ መጥራት ጀመረ። ከደረቁ በላይ ያለች ጤነኛ ባላ ላይ ራሱን አሰረ። የካሳን መጫኛ በዚያች ባላ አሻግሮ ደረቁን ክንድ አቅፎ ቋጠረው። ካሳ ጫፉን ከአጠገቡ ባለ ጥድ ግንድ ላይ ጠምጥሞ ያዘ፤ ክብደቱን ዛፍ እንጂ የሰው ክንድ አይችለውም።

«አሁን ከሥር ጀምር» አለች ጽጌ። «ከግንዱ ክንድ ያህል ርቀህ፣ ከታች ወደ ላይ ትንሽ ግባበት። መጋዙ ሲያዝብህ ተው። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለህ ከላይ ቁረጥ። ከላይ ብቻ ከቆረጥከው ሲወድቅ የጤነኛውን ቆዳ ገፎ ይወርዳል።»

መጋዙ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። የወይራ ብናኝ እንደ ወርቃማ ጉም ወረደ፤ የጽጌ ነጠላ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ አረፈ። ሽታው አባቷ ነው። ክንዱ አንዴ ጮኸና ዘንበል አለ፤ መጫኛው ተወጠረ፤ ያ ሁሉ ዘመን ሰማይ ላይ የኖረ እንጨት እያሰበ እንደሚሄድ ሽማግሌ ዝግ ብሎ መሬት ወረደ። ቆርቆሮው አልተነካም።

«እስከዛሬ እኔ ዛፍ ስጥል ኖሬአለሁ እንጂ» አለ ካሳ መዳፉን እየላሰ፣ «ሲተኛ አላየሁም።»

«የቀረውን ጉቶ ቁረጠው» አለች ጽጌ ወደ ላይ። «ግን ግንዱን አትላጨው። መነሻው ላይ ያበጠ ቀለበት አለ፣ እሱን ተወው፤ ከሱ ወጣ ብለህ ቁረጥ። ቁስሉን የሚዘጋው ያ ነው። ጭቃም እበትም አትቀባው።»

አስቻለው ላይ ሲቆርጥ እሷ ታች ጆንያውን ገለጠች።

ጠፍሮቹ ሌሊቱን ጠጥተው አብጠዋል፤ ነጣ፣ ለስለስ ብለው እንደገና ቆዳ ሆነዋል። የራሷን ቋጠሮ አገኘች። ጥፍሯን አስገባች። እንቢ አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እሺ አለ። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። የመጨረሻው ዙር ከግንዱ ሲለቅ እጇ ላይ ወደቀ፤ ቀላል ነበር። እትዬ ብርቄን ጨምሮ ሴቶቹ ሁሉ ዙሪያዋን ቆመዋል። ጽጌ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ፅንሱ አልተንቀሳቀሰም።

ጠበቀች። ምንም። ከላይ መጋዙ ይሄዳል ይመጣል። «ቀጥዪ» አላት አንድ ነገር፤ ወይ ፍርሃቷ ነው፣ ወይ አባቷ። ከሷ ሥር ያለውን ፈታች። ያሰረችው ሴት መጥታ እያለቀሰች ተቀበለቻት። ሌላውን ፈታች። ከሥር ያሉት እያረጁ፣ እየጠቆሩ ሄዱ። በመጨረሻ ዛፉ ራሱ የዋጣቸው ላይ ደረሰች፤ ቅርፊቱ ከበላይና ከበታች ገጥሞባቸው ጫፋቸው ብቻ ይታያል።

«እነዚህን አንጎትትም» አለች። «የዋጠውን ዋጠ። የሚታየውን ብቻ እንቁረጥ።»

ከአንዱ ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። በቢላ ጫፍ ጠርጋ አወጣችው። ዛጎል ነው።

«የኔ ነው!» እትዬ ብርቄ ሰዉን ገፍተው መጡ። «ከእናቴ አንገት ፈትቼ ያሰርኩበት! አትንኪው፣ አትንኪው፣ የአስቻለው ነው!»

ጽጌ አልነካችውም። እትዬ ብርቄ ራሳቸው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዛጎሉ ግራና ቀኝ ጠፍሩን ፈለጉ። ጠፍር የለም። ግንዱ ላይ ቡናማ ዱቄት ብቻ ነበር፤ ሲነኩት የሚበን። ከብዙ ዓመት በፊት በስብሶ፣ ተበጥሶ አልቋል። ምናልባት አስቻለው ገና ሲድህ።

እትዬ ብርቄ ዱቄቱን በጣታቸው ይዘው ቆሙ።

«እማዬ!» ከላይ ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ጉንዳን ሱሪዬ ውስጥ ገባ! ሁለቱንም እጄን ይዣለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ሽማግሌዋ ቀና አሉ። ልጃቸው በቅጠሉ መሃል፣ ፊቱ ብናኝ በብናኝ ሆኖ፣ አንድ እግሩን እያራገፈ ይታያል።

«ሦስቱ ይያዙ!» ብለው ጮኹ። «ባንዱ እከክ!»

ካሳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሬት ተቀመጠ። እትዬ ብርቄ አልሳቁም። ዛጎሉን ከነዱቄቱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ከዚያ ቢላውን ከጽጌ እጅ ወሰዱ። «ቀሪው የኔ ነው» አሉ። «አንቺ ተቀመጪ።»

ከሰዓቱ የአስቻለው ነበር። እንጨቱ አሁን መሬት ላይ ነው፤ እሱም ሰው ሆነ። ከደረቁ ክንድ ሁለት ባላና አንድ አግዳሚ አወጣ። ምስማር ያመጣለትን ሰው መለሰው፤ «ወይራ ምስማር አይወድም፣ ይሰነጠቃል» አለና ከራሱ ከወይራው ሽብልቅ ጠርቦ አጠበቀው። ካሳ ጉድጓድ ቆፈረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱ ባላዎች ከዛፉ ጎን ቆሙ፤ አግዳሚው ተጋደመ። ጽጌ ለሴቶቹ «በድን ነው፣ አይታነቅም፤ እዚህ ላይ እሰሩ» አለቻቸው። ያልለቀቀ ቁጭት ነበራቸውና ጠፍራቸውን እግራቸውን እየተከሉ አጠበቁት። ደወሉን ድንጋይም ከወይራው አውርደው እትዬ ብርቄ ራሳቸው ከአግዳሚው ጋር ጥርቅም አድርገው አሰሩት።

የራሷን ጠፍር ጽጌ አላሰረችም። ጉልበቷ ላይ ይዛው ዋለች። ፅንሱ ዝም እንዳለ ነበር። ማታም ዝም። በተኛች ጊዜ ጆሮዋ ሁሉ ወደ ውስጥ ነበር።

ሲነጋ ጉሙ ተመልሶ መጥቷል። ዛፉ አይታይም፤ ሰዉም እርስ በርሱ አይተያይም፤ ነጠላ ብቻ እዚህም እዚያም ይንሳፈፋል። መምሬ ኃይለ ሚካኤል ጠጠሩን አንስተው ድንጋዩን መቱት።

ቋ።

እንደ ተሰነጠቀ እንስራ። ደግመው መቱት። ቋ። ጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት «ወየው» አለች። «ይኸው!» አለች ሌላዋ። «ተቆጣ!»

በዚያች ቅጽበት ጽጌ ጎኗን ጠንካራ እርግጫ ተረገጠች። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ፤ ከእንቅልፉ ያለ አግባብ እንደ ቀሰቀሱት ሰው። ከአፏ ሳቅ አመለጠ። ሰዉ ሁሉ ወደ ድምፁ ዞረ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ድንጋዩም ታንቋል፣ እትዬ» አለች ጽጌ። እንባዋ ይወርዳል፤ ጉሙ ሸፍኖላታል።

ወደ አግዳሚው ሄደች። የድንጋዩን ማሰሪያ ፈታች፣ የራሷን ጠፍር አወጣች፣ በሱ አንጠለጠለችው። ቋጠሮውን ከመጨረሷ በፊት ሁለት ጣቷን ከሥሩ አስገባች፤ ከዚያ አሰረች፣ ጣቶቿን አወጣች። ድንጋዩ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ዞረ።

«አሁን ይምቱት፣ አባ።»

መምሬ መቱት። ድምፁ ወጣ፤ ከድሮው ትንሽ ወፈር ብሎ፣ ረዘም ብሎ። ወደ ገደሉ ወረደ፣ ከገደሉ ተመልሶ መጣ፣ ከጉሙ በላይ ሄደ። ሰዉ ተከትሎት ወደ ቅዳሴ ገባ። አስቻለው ጉንዳን የነከሰው ጭኑን እያሸ ከኋላ ቀረ፤ ክንዷን ያዘ።

«ምን ሆነሽ ነው? ደህና ነሽ?»

«ቆይ» አለችው። ነጠላዋን ገለጥ አደረገች፤ መቀነቷን ፈታች፣ መልሳ ጠመጠመች። ሁለት ጣቷን አስገብታ ለካች። ከዚያ የባሏን እጅ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።